ጂሚ ሄንድሪክስና ወረቀት

ጊታር በሚሸጥባቸው ታላላቅ ከተሞች የጂሚ ሄንድሪክስ የሙዚቃ መጽሐፍም አብሮ አይጠፋም። መጽሐፉን የገለጠ ሰው ስድስት አግድም መስመሮችን፣ በመስመሮቹም ላይ የተደረደሩ ቁጥሮችን ያያል። ስድስቱ መስመሮች ስድስቱ የጊታር ክሮች ናቸው። ቁጥሮቹ ደግሞ ጣት በስንተኛው ፍሬት ላይ፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን የብረት መስመሮች በስንተኛው ዘንድ ክሩን መጫን እንዳለበት ይናገራሉ። ጊታር ተጫዋቾች ይህንን አጻጻፍ ታብ ይሉታል። ከታቡ በላይ አምስት መስመር ያለው የተለመደው ኖታ ይታተማል። ያንን ኖታ ባለቤቱ ሄንድሪክስ ማንበብ አይችልም ነበር። ዘፈኖቹን በጆሮው ፈልጎ አገኘ፣ ለጓደኞቹ በጆሮ አስጠና፣ በሸክላ አስቀረጸ። በኖታና በታብ ያሰፈሩለት ሌሎች ናቸው፤ ያውም አብዛኛውን ከሞተ በኋላ።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። የተማርኩት ሕግ ነው። ሕግ የተማረ ሰው ደግሞ የሰውን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሰነዱ ነው። ምን ፈረመ? ሳይፈርም የቀረውስ ምንድን ነው? የሄንድሪክስን ታሪክ በዚህ ዓይን ሳየው አንድ ነገር ይገርመኛል። የሠራውን ሙዚቃ በወረቀት አላስቀመጠም፤ በአጭር ዕድሜው ከኋላው እየተከተለ መከራውን ያሳየው ግን ወረቀት ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምር። ዘመኑን ሁሉ የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የተወለደው ኅዳር 27 ቀን 1942 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማ ነው። እናቱ ሉሲል ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቱ አል ሄንድሪክስ በውትድርና ላይ ነበሩ። እናቱ ጆኒ አለን ብላ አወጣችለት። አባቱ ከጦርነቱ ሲመለሱ ስሙን ለውጠው በ1946 ጄምስ ማርሻል አሉት። ቤቱ የድህነትና የጠብ ቤት ነበር። ወላጆቹ ተፋቱ፣ ታናናሾቹ ለማሳደጊያ ተሰጡ፣ እናቱም በ1958 እሱ 15 ዓመት ሲሆነው ሞተች።

መጥረጊያ ይዞ ጊታር እንደሚጫወት እየሆነ የሚውል ልጅ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ያነሱታል። አንድ ጊዜ ከአባቱ ጋር የሰው ቤት ቆሻሻ ሲያነሱ አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ዩኩሌሌ አገኘ። ዩኩሌሌ ትንሽ ባለ አራት ክር የጊታር ዘመድ ናት። በዚያች በአንዲቷ ክር በራዲዮ የሰማውን ዜማ እየፈለገ ያወጣ ጀመር። ቀጥሎ በአምስት ዶላር ያገለገለ ጊታር ተገዛለት፤ በ1959 አባቱ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዙለት። ልጁ ግራኝ ነው፤ ጊታሩ የቀኝ ነው። ስለዚህ ጊታሩን ገልብጦ ያዘው፤ ክሮቹንም ፈትቶ ወፍራሙ ከላይ እንዲሆን መልሶ አሰራቸው። ይህ ልማድ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። በኋላ ዝነኛ ያደረገውን ፌንደር ስትራቶካስተር ሲይዝ የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፎቹና ክሩን የሚያላላው የብረት እጀታ ወደ ላይ ይዞራሉ፤ ድምፅ የሚቀበሉት ማግኔቶች አቀማመጥም ይገለበጣል። የእሱን ዜማ በቁጥር የሚጽፍ ሰው ይህንን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

በ1961 በተሰረቀ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ተያዘና እስር ቤት ወይም ጦር ሠራዊት የሚል ምርጫ ቀረበለት። ሠራዊቱን መረጠ፤ ለሦስት ዓመት ፈረመ። የመጀመሪያው ትልቅ ፊርማው ይህ መሆኑ ነው። በኬንታኪ ፎርት ካምፕቤል በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ገብቶ በፓራሹት ዘለለ። እዚያው ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ቢሊ ኮክስን ተዋወቀ። ለወታደርነት እንደማይሆን አለቆቹ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም፤ በ1962 በክብር አሰናበቱት።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ፣ ከአንዱ የጥቁሮች ክለብ ወደ ሌላው የዞረባቸው ናቸው። በ1964 ከአይዝሊ ብራዘርስ ጋር፣ ቀጥሎ ከሊትል ሪቻርድ ጋር በአጃቢነት ሠራ። የዋናውን ዘፋኝ ዓይን የሚሻማ አጃቢ ማንም አይወድምና ከአንዱ ተባረረ፣ ከሌላው ራሱ ለቀቀ። ትምህርት ቤቱ ግን ይህ ነበር። ማታ ማታ የሰማውን በነጋታው መጫወት የማይችል በዚያ መንገድ ላይ እንጀራ የለውም። የሚሰጠው ወረቀት የለም፤ ሰምቶ መያዝ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1965 ኒውዮርክ ውስጥ ከርቲስ ናይት ከተባለ ዘፋኝ ጋር ሲሠራ በነበረበት ሰሞን፣ ፒ.ፒ.ኤክስ የሚባል ድርጅት ባለቤት ከሆነው ከኤድ ቻልፒን ጋር ውል ፈረመ። ዘመኑ ሦስት ዓመት፤ ሥራው ለድርጅቱ ብቻ፤ በምላሹ አንድ ዶላርና ከሽያጭ አንድ በመቶ። አንድ ዶላሯ ለሕግ ሰው እንግዳ ነገር አይደለችም። በኮመን ሎው አገሮች ውል እንዲጸና ከሁለቱም ወገን የሚሰጥ ነገር መኖር አለበት፤ መጠኑ ግን ለዳኛ ጉዳዩ አይደለም። ዶላሯ የገባችው ለልጁ ኪስ ታስቦ ሳይሆን ውሉ እንዲቆም ነው። ልጁ በዚያ ዓመት ሌላም ውል ፈርሞ ነበር። የሚከፈለው ሰው ካገኘ በቀረበለት ሁሉ ላይ ይፈርም ነበር ማለት ይቻላል። የ22 ዓመት፣ የቤት ኪራይ የሌለው፣ ጠበቃ የማያውቅ ሰው ነው። ብዙ ወጣት አርቲስቶችን በሙያዬ አይቻለሁ፤ ውል ሲቀርብላቸው የሚያነቡት የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ ፊርማው ያለው እዚያ ነውና።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1966 በጋ፣ ኒውዮርክ ግሪኒች ቪሌጅ በሚገኘው ካፌ ዋ የራሱን ትንሽ ባንድ ይዞ ይጫወት ነበር። ከባንዱ አባላት መካከል ራንዲ የሚባሉ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ ከቴክሳስ፣ ሌላው ከካሊፎርኒያ ስለመጡ ሄንድሪክስ ራንዲ ቴክሳስና ራንዲ ካሊፎርኒያ ብሎ ለያቸው። ካሊፎርኒያው የ15 ዓመቱ ራንዲ ዎልፍ ነው። ይህንን ልጅ አንባቢ እንዳይረሳብኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

በዚያው በጋ የእንግሊዙ አኒማልስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ቻስ ቻንድለር ሰማውና ወደ ለንደን ልውሰድህ አለው። ቻንድለር ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ የፈረምካቸውን ውሎች ንገረኝ ብሎ የነገረውን እየከፈለ አስፈታ። የቻልፒኑን ግን ሄንድሪክስ አላነሳለትም። መስከረም 24 ቀን 1966 ለንደን ሲገቡ ያ ወረቀት ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ቢሮ መሳቢያ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ለንደን ላይ የሆነው በጥድፊያ የሆነ ነው። ቤዝ የያዘው ኖኤል ሬዲንግና ድራም የመታው ሚች ሚቼል ተጨመሩ፤ በታኅሣሥ 1966 የመጀመሪያው ነጠላ ሸክላ ወጣ። በመጋቢት 1967 «ፐርፕል ሄይዝ»፣ በግንቦት የመጀመሪያው አልበም፣ በሰኔ ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ላይ ጊታሩን በመድረክ ያቃጠለበት ምሽት ተከተለ። ሕዝቡ የእሳቱን ፎቶግራፍ ነው የሚያስታውሰው። ጊታር የሚይዙ ሰዎች የተከራከሩት በሌላ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው ምን ዓይነት ኮርድ ነው የያዘው?

ኮርዱ በስሙ የሄንድሪክስ ኮርድ እስከመባል ደርሷል። በ«ፐርፕል ሄይዝ» ውስጥ አለ። በታብ ሲጻፍ በአምስተኛው ክር 7፣ በአራተኛው 6፣ በሦስተኛው 7፣ በሁለተኛው 8 ነው። አራት ቁጥር ብቻ። የጃዝ ሰዎች ከእሱ በፊትም ያውቁታል። ልዩ የሚያደርገው ደስታን የሚሰጠውን ሰፊ ሦስተኛ ድምፅና ኀዘን የሚያሰማውን ጠባብ ሦስተኛ ድምፅ በአንድ እጅ ላይ ማገናኘቱ ነው። ሁለቱ ይጣላሉ፤ ጥሉ ነው የሚጥመው። ብሉዝ ዘፋኞች በጉሮሯቸው በሁለቱ መካከል የሚያንሸራትቱትን እሱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አሰማቸው።

እንግዲህ ይህንን ከሸክላ ላይ ሰምቶ መጻፍ እንዴት ያለ ሥራ እንደነበር ለመረዳት በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። በወጣትነታችን የውጭ ዘፈን ኮርድ የሚገኘው ከጓደኛ ደብተር ነበር፤ ጓደኛው ደግሞ ከሌላ ጓደኛ ደብተር የገለበጠው ነው፤ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። የሚጠራጠር ካለ ካሴቱን ያስገባል፣ ሦስት ሰከንድ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይሰማል፣ ቴፑ ካሴቱን እስኪበላው ድረስ። ከዚያ በእስኪርቢቶ እያዞሩ መጠቅለል ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት በሸክላ የተሻለ ብልሃት ነበራቸው። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር ያለበትን ሸክላ በግማሹ ፍጥነት የሚያስኬድ ማጫወቻ ያለው ሰው ዜማውን በግማሽ ፍጥነት፣ ድምፁንም ልክ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይሰማዋል። ጣቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር የሚቻለው ያኔ ነው።

ሆኖም መቁጠር አይበቃም። ሄንድሪክስ ከሁለተኛው አልበሙ ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነው የሚቃኘው። ይህንን ያላወቀ ጸሐፊ «ሊትል ዊንግ»ን ሲሰማ ዘፈኑን ለጣት በማይመች ቦታ ይጽፈዋል። ጊታሩን ዝቅ አድርጎ የቃኘ ጀማሪ ግን ማንም ተማሪ በመጀመሪያው ወር በሚያውቀው ቦታ ያገኘዋል። ሁለተኛው ችግር አውራ ጣቱ ነው። እጁ ትልቅ ስለነበር አውራ ጣቱን በአንገቱ ላይ አሻግሮ ወፍራሙን ክር ከላይ ይጫነዋል። በዚህ ምክንያት አራቱ ጣቶቹ ነፃ ይሆናሉ። ኮርዱን እንደያዘ በላዩ ላይ ትንንሽ ዜማ ይለቅማል፤ ሰሚው ሁለት ጊታር ያለ ይመስለዋል። በታቡ ላይ ያለው 3 ቁጥር በየትኛው ጣት እንደሚጫን አይናገርም። ተማሪው ቁጥሩን በአመልካች ጣቱ ይዞ ቀሪውን ሲፈልግ እጁ ይቆለፋል፤ መጽሐፉ ተሳስቷል ብሎ ይደመድማል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ ያልያዘውን ነው ያልነገረው።

የእኛም ሊቃውንት ይህንን ያውቁታል። በያሬዳዊው ዜማ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያሉ በፊደል ላይ የሚጽፏቸው ምልክቶች የተማረውን ያስታውሱታል እንጂ ያልተማረውን አያዜሙትም። ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ድጓውን ገልጦ ዝም ነው።

በነሐሴ 18 ቀን 1969 ጠዋት ዉድስቶክ ላይ የተጫወተው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ለጸሐፊዎች ትልቁ ፈተና ይመስለኛል። ዜማውን ማንኛውም አሜሪካዊ ሕፃን ያውቀዋል። አስቸጋሪው በስንኞቹ መካከል የገባው ነው። ማጉያው ወደ ጊታሩ፣ ጊታሩም ወደ ማጉያው እየተመላለሱ የሚያወጡት ጩኸት፣ በብረት እጀታው ተጎትቶ የሚወርድ ድምፅ፣ ብዙዎች በቬትናም ጦርነት ዘመን የቦምብና የአውሮፕላን ድምፅ አድርገው የሰሙት። ጸሐፊዎቹ እዚህ ሲደርሱ ቁጥር ትተው ጠመዝማዛ መስመር ያሰምራሉ፤ ከጎኑም በፊደል ማብራሪያ ይጽፋሉ። ትክክል አድርገዋል እላለሁ።

ይህ ሁሉ የሙዚቀኞች ጣጣ ብቻ ቢሆን እኔን ባላገባኝ። ግን ሕጉም በወረቀት ነው የሚሰማው። በሄንድሪክስ ዕድሜ ሲሠራበት የነበረው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የ1909ኙ ነው። በዚያ ሕግ አንድን ያልታተመ ዘፈን ለማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው ሸክላ ይዞ ቢሄድ አይቀበሉትም፤ ኖታ ማስገባት ግድ ነበር። የተቀረጸው ድምፅ ራሱ በፌዴራሉ ሕግ ጥበቃ ማግኘት የጀመረው ከየካቲት 15 ቀን 1972 ወዲህ ለተቀረጹ ሥራዎች ነው፤ ሄንድሪክስ ከሞተ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ኖታ የማያውቁ የሮክ ልጆች ዘፈን በሠሩ ቁጥር አሳታሚው ድርጅት አንድ ኖታ አዋቂ ያስቀምጥና ከቅጂው እየሰማ በአንድ ገጽ ዜማውን፣ ግጥሙንና ኮርዱን ያስጽፋል። ለመንግሥት የሚገባው እሱ ነው። ፈጥኖ የተጻፈ፣ ለፋይል የታሰበ ወረቀት።

አሁን ራንዲ ካሊፎርኒያን እንጥራው። ልጁ አድጎ ስፒሪት የተባለ ባንድ መሠረተ፤ «ቶረስ» የሚል የጊታር ሥራ ሠራ፤ በ1967 እንዲህ ባለ አንድ ገጽ ተመዘገበ። ራሱ በ1997 ልጁን ከባሕር ማዕበል ሲያድን ሰጥሞ ሞተ። በ2014 የንብረቱ ጠባቂ ሌድ ዜፕሊንን ከሰሰ፤ በ1971 የወጣው «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» መግቢያ ከ«ቶረስ» የተወሰደ ነው ብሎ። በ2016 ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው ችሎት ዳኛው የሁለቱን ሥራዎች ተመሳሳይነት ለመመዘን ሸክላው ለዳኝነት ሸንጎው እንዲቀርብ አልፈቀዱም። የተመዘገበው ወረቀቱ ስለሆነ ጊታር ተጫዋቾች ወረቀቱን እያዩ ተጫወቱ። ከሳሽ ተረታ። በመጋቢት 2020 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሙሉ ችሎት ውሳኔውን አጸና፤ ጥበቃ ያለው በገባው ገጽ ላይ የሰፈረው ነው አለ። ሌድ ዜፕሊን ሰርቋል የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ያ ዓይነቱ የሚወርድ ኮርድ ብዙ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከሸክላ ላይ በችኮላ የተገለበጠ አንድ ገጽ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የሥራው ድንበር መሆኑ ነው። ሕጉ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ የተጻፈው ግን ኖታ ለሚጽፉ ሰዎች ነው።

ወደ መሳቢያው ወረቀት ልመለስ። ሄንድሪክስ ዝነኛ በሆነ ማግስት ቻልፒን ውሉን ይዞ ብቅ አለ፤ ክስ ተከፈተ። ለማመን የሚከብደው፣ ክርክሩ ባለበት ሰዓት በ1967 ሄንድሪክስ ራሱ ወደ ቻልፒን ስቱዲዮ ተመልሶ ከከርቲስ ናይት ጋር መቅረጹ ነው። ለጓደኛ ብሎ። ጠበቆቹ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። በ1968 በተደረሰው ስምምነት አንድ ሙሉ አልበም ለካፒቶል ኩባንያ እንዲሰጥ ሆነ። ያንን ዕዳ የከፈለው በ1969 የመጨረሻ ምሽትና በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ኒውዮርክ ፊልሞር ኢስት ላይ ከድሮው የሠራዊት ጓደኛው ከቢሊ ኮክስና ከድራም መቺው በዲ ማይልስ ጋር በተቀረጸው አልበም ነው። ብዙ ጊታር ተጫዋቾች ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስበልጡት «ማሽን ጋን» በዚያ ውስጥ አለ። በአንድ ዶላር ውል ምክንያት የተወለደ አልበም ነው።

በነሐሴ 1970 ኒውዮርክ ውስጥ የራሱን ስቱዲዮ ኤሌክትሪክ ሌዲን አስመረቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 18 ቀን፣ ለንደን ውስጥ የእንቅልፍ ክኒን አብዝቶ ወስዶ በትውከቱ ታፍኖ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ኑዛዜ አልነበረውም።

በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 843 ልጅ የሌለው ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት ወላጆቹ ይወርሱታል፤ እዚያም የሆነው ይኸው ነው፤ ሁሉም ነገር ለአባቱ ለአል ደረሰ። አትክልተኛው አባት የሚሊዮኖች ሀብት አገኙ፤ ግን ምን እንዳገኙ የሚያውቁት ሌሎች ነበሩ። ለዓመታት ጠበቃቸው ያቀረበላቸውን ፈረሙ፤ መብቱ ከእጃቸው መውጣቱን ሲረዱ በ1993 ከሰሱ። የማይክሮሶፍቱ ተባባሪ መሥራችና የሲያትሉ ተወላጅ ፖል አለን ለክርክሩ ገንዘብ አበደራቸው፤ በ1995 በስምምነት መብቱ ተመለሰላቸው። በ2002 ሲሞቱ ግን ኑዛዜ ነበራቸው። ሀብቱን የሚያስተዳድረው በጉዲፈቻ ያሳደጓት ልጅ ጄኒ ሆነች፤ የጂሚ ታናሽ ወንድም ሊዮን አንድ የወርቅ ሸክላ ደረሰው። ሊዮን ኑዛዜውን ተቃወመ፤ በ2004 ፍርድ ቤቱ ኑዛዜውን አጸና።

የቻልፒን ወረቀትም አልሞተም። በ1973 ከሟቹ ንብረት ጠባቂ ጋር ታርቆ ነበር፤ ቃሉን አፍርሶ የድሮ ቅጂዎችን ፈቃድ ሲሰጥ የቤተሰቡ ድርጅት ለንደን ላይ ከሰሰው። በ2003 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከሳሽ የደረሰበትን ኪሳራ በገንዘብ ማስረዳት ባይችልም፣ ቻልፒን ፈቃድ ቢጠይቅ ኖሮ የሚከፍለውን ተገቢ ዋጋ እንዲከፍል ወሰነ። ፍርዱ ዛሬ በእንግሊዝ የውል ሕግ መማሪያዎች ውስጥ ይነበባል። አንድም የጊታር ድምፅ ሳይሰሙ የሄንድሪክስን ስም ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች አሉ።

የሄንድሪክስን ሙዚቃ በሕይወቱ ሳለ በወረቀት ሊያስቀምጥለት ተዘጋጅቶ የነበረ አንድ ሰው አለ። የማይልስ ዴቪስን ታላላቅ የኦርኬስትራ አልበሞች ያቀናበረው ጊል ኤቫንስ ነው። በ1970 መገባደጃ አብረው ለመሥራት አስበው ነበር፤ ሞት ቀደመ። ኤቫንስ ሐሳቡን አልተወውም፤ በ1974 ኦርኬስትራውን ይዞ የሄንድሪክስን ዘፈኖች ኒውዮርክ ውስጥ ቀረጸ። «ቩዱ ቻይል» ላይ የጊታሩንና የዘፋኙን ዜማ የያዘው ቱባ ነው፤ ያ ግዙፍ የናስ መሣሪያ። ሃዋርድ ጆንሰን ነፋው።